ቀዩ ሶኬት

መሐል ሜዳ ሲመሽ፣ ነፋሱ ከጓሳ
ይነሣል፣ እንደ ሰው፣ ቂሙን የማይረሳ፤
ምሰሶውን ይዞ ይነቀንቀዋል፣
ሽቦውን ከሽቦ ያላትመዋል፣
ከዚያ መብራት ይሄዳል።

ከተማው ለምዶታል።
ኩራዝ ይፈልጋል፣ ሻማ ይለኩሳል፣
«ወሰዱት» ይልና ወሬውን ይቀጥላል።
እኔ ግን ልለምደው አይፈቀድልኝም፣
ደንቡ አለ ከእጄ ላይ፣ እሱ አይተኛልኝም።

ወፍራም ነው መጽሐፉ፣ ሽፋኑ የላላ፣
በናፍጣ ጣቴ ዳር ዳሩ የተበላ።
ሦስት መንገድ ይላል፣ ሦስቱም ይለያዩ፣
ባንድ ቱቦ አይለፉ፣ ባንድ ሣጥን አይተያዩ።
አንደኛው ለመውጫ፦ ለበሩ፣ ለደረጃው፣
ለእሳት ደወሉ፣ ሰው እንዳይረጋገጥ በጨለማው።
ሁለተኛው ለትንፋሽ፦ ለቀዶ ጥገናው ጠረጴዛ፣
ለኦክስጅኑ፣ በመስታወት ሣጥን ለተኛችው ጤዛ።
ሦስተኛው ለቀሪው፦ ለፓምፑ፣ ለልብስ ማጠቢያው፣
እሱ ቆሞ ይጠብቅ፣ ኋላ ነው ተራው።

ከዚያ አንድ ቁጥር አለ ብቻውን የቆመ፣
ባሰመርኩት እርሳስ ወረቀቱ የታመመ፦
አሥር ሰከንድ።
መብራት ከሄደበት ጄኔሬተሩ ነቅቶ፣
ማዛወሪያው ዞሮ፣ ሸክሙን ይዞ እስኪቆም ፀንቶ፣
አሥር ብቻ። ለምን አሥር እንደሆነ አይናገርም፣
ለምን አሥራ አንድ እንደማይሆን አያስረዳም።
ደንብ ምክንያቱን አይጽፍም፤
የሚያውቀው ሰው ሲያነበው አይጠይቅም።

እኔ አውቀዋለሁ።
በአሮጌው ሕንፃ፣ በሐምሌ፣ ከጨቅላዎቹ ክፍል
ጥበቃው ምድጃ ሰክቶ ነበር ብርዱን ሊከላከል።
አይፈረድበትም፤ የመንዝ ሐምሌ አጥንት ይበላል።
ጄኔሬተሩ ተነሣ፣ ብሬከሩ ወደቀ፣
ሰሌዳው ስም የለው፣ እጄ ተጨነቀ፤
ባትሪ በጥርሴ ነክሼ፣ አሥራ ስምንት ቁልፍ ስነካ፣
እንግዳወርቅ በእጇ እየነፋች ስትቆጥር፣ ለካ
አራት ደቂቃ እንዲህ ረዥም ነው።
የሆነውን አልጽፍም።
እናትየዋ ዛሬም ገበያ ስታገኘኝ
«ደኅና ነህ፣ ሸዋንግዛው?» ትለኛለች። የሚብሰው እሱ ነው።

ስለዚህ አዲሱ ሕንፃ ሲሠራ ተጣላሁ።
ኮንትራክተሩ «ሁለቱ ባንድ ቢሄዱ ምን አለበት?» ሲል
«አለበት» አልኩና የተለሰነ ግድግዳ አስፈረስኩ።
ሥራ አስኪያጁ አቶ አጥናፍሰገድ፣ ጋቢውን ደርቦ፣
ማሞቂያውን አቅፎ ወደ ቀዩ ሶኬት ሲመጣ ተስቦ፣
መሃል ገባሁ።
ቀይ ለሻይ አይደለም። ቀይ ለስልክ አይደለም።
«እኔ አለቃህ አይደለሁም?» አለኝ።
«ነዎት» አልኩ፣ «በነጩ ሶኬት በኩል።»
አልሳቀም። ደብዳቤ ጻፈብኝ።
ከደንቡ መሃል አድርጌዋለሁ፣ ገጽ እንዳይጠፋኝ።

በየወሩ ሠላሳ ደቂቃ አስነሣዋለሁ ሸክሙን አሸክሜ፣
መዝገቡን እሞላለሁ ከጢሱ አጠገብ ቆሜ።
ናፍጣው በውርጭ እንዳይረጋ
ቱቦውን አክስቴ በፈተለችው ባና ጠቀለልኩት።
ለሰው የተሠራ ባና ነበር።
አሁንም ለሰው ነው።

ትናንት፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ ነፋሱ መጣ።
ጨለመ።
ከማሽኑ ቤት ደጃፍ ሆኜ መቁጠር ጀመርኩ፦
አንድ። ሁለት፤ የሆነ ውሻ ጮኸ።
ሦስት፤ የሆነ ነገር ጠቅ አለ።
አራት፤ ሞተሩ አሳለ። አምስት፤ እንደገና አሳለ፣
እኔም አብሬው ጉሮሮዬን ጠረግሁ።
ስድስት፤ ያዘ።
ሰባት፤ ማዛወሪያው ጧ ሲል
የቀዶ ጥገናው መስኮት በራ፣
የጨቅላዎቹም፣ የደረጃውም።
የአለቃዬ ቢሮ ጨለማ ነበር። እንደ ደንቡ።

ማንም አላመሰገነም፤ መብራት ላልጠፋበት
ምኑ ይታወቀዋል።
እንግዳወርቅ ብቻ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ
ወደ ማሽኑ ቤት አየች፣ መልሳ ዘጋችው።

መዝገቡ ላይ ጻፍኩ፦ «ሰባት ሰከንድ።»
ሦስት ተረፈ።
ይኼን ሦስት የት እንደማስቀምጠው አላውቅም፤
ለዚያ ሐምሌ ልልከው እወድ ነበር፣
ሽቦ አይደርስም።